ምላጩና የአያቴ ቤት ድምፅ

አጎቴን ድሮ በሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ የሚያውቁት ሁሉ «ምላጩ» ይሉታል። በጢሙ አይደለም፤ ጢሙንማ ካልተጨቀጨቀ ሳምንት ያሳድረዋል። ድምፅ በቡናማ ቴፕ ላይ በሚቀዳበት ዘመን ቴክኒሻን ነበርና፣ አላስፈላጊውን ቆርጦ የሚጥለው በምላጭ ነው። የቴፑን ጥቅል በሁለት እጁ ወደፊትና ወደኋላ እያዞረ ያዳምጣል፤ ሳሉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ በነጭ እርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ ቀጭ ያደርገውና ሁለቱን ጫፎች በማጣበቂያ ያገናኛቸዋል። ትልቅ ሰው ቢያስነጥስ፣ ጋዜጠኛ ቢንተባተብ፣ ወንበር ቢንቋቋ፣ እሱ እጅ ከገባ በኋላ ለወሬ ነጋሪ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

እኔ ግን ጋሼ ነው የምለው። ታላቅ ወንድሟ ስለሆነ እናቴ ጋሼ ትለዋለች፤ እኔም ከእሷ አፍ ነጥቄ ጋሼ አልኩት። ሚስቱ ሳትቀር፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሲቆጣ ጋሼ ትለው ነበር ይባላል። ይህን ፊቱ የሚደግም ግን የለም። ጋሼ ጫጫታ አይወድም። ሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ እንኳ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ተነስቶ የሚነቅል ሰው ነው። የሚያውቃት ምሳሌም አንዲት ናት፤ «ዝም አይነቅዝም»።

ይህን የምጽፈው ልወቅሰው ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልወቅሰው ብዬ ነው። ነገር ግን ሙያውን የወረስኩት እኔ ስለሆንኩ ወቀሳው ዞሮ ዞሮ ደጄ ይመጣል። እኔ የምሠራው የፊልም ድምፅ ነው። ምላጭ የለኝም፤ ኮምፒውተር ፊት ነው የምቀመጠው፣ በአምስት ስፒከርና ጎርናናውን ድምፅ ብቻ በሚያወጣ አንድ ወፍራም ሳጥን መሃል። ሦስቱ ስፒከሮች ከፊት ናቸው፣ ሁለቱ ከጀርባ። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዝናቡ በዙሪያው እንዲዘንብለት ማድረግ ነው ሥራዬ።

እናቴን ከሁለት ዓመት በፊት ስኳር ዓይኗን ወሰደባት። ለቅሶ አላበዛችም። «የወሰደብኝ ከዛሬ ወዲያ ያለውን ነው፤ የድሮው እጄ ላይ ነው» ትል ነበር። አንድ እሁድ እኛ ቤት ምሳ በልተን ስንጨርስ ግን፣ ጋሼም ተቀምጧል፣ እንዲህ አለች፦

«ያደግንበት ቤት መልኩ አልጠፋኝም። ጓዳው፣ መስኮቱ፣ አባዬ የሚቀመጥበት፣ ሁሉም አለ። ድምፁ ነው እየሸሸኝ ያለው። አንድ ቀን እንኳ መሃሉ ቁጭ ብዬ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።»

ቤቱ የለም። መንገድ ሲሰፋ ከፈረሰ ሃያ ዓመት አልፎታል። አያቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ እየሰፋ፣ ተረትና እንቆቅልሽ እያወራ ነው የኖረው። የሞተው እኔ ሳልወለድ፣ እናቴ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ጋሼ ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበር፤ ሬዲዮ ጣቢያ ገና መቀጠሩ ነው። የአባቱን ተረቶች እቤት እየቀዳ በልጆች ክፍለ ጊዜ ያስተላልፋቸው ነበርና፣ የአያቴ ድምፅ ያለባቸው አሥራ ሁለት ጥቅል ቴፖች ዛሬም እሱ ቤት አሉ፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከካፖርቶቹ ሥር።

እናቴ ያን ስትል ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሲወጣ በር ላይ አገኘኝና፣

«ያ ከጀርባም የሚሰማው ነገር፣ ለመማር ስንት ቀን ይፈጃል?» አለኝ።

«ለሰው ነው ለአንተ?»

«ካረጁ አይበጁ ማለትሽ ከሆነ በግልጽ ተናገሪው።»

ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። «እሁድ ከሰዓት ክፍሉ ባዶ ነው፤ ና» አልኩት። እናቴ እንዳትሰማ ተስማማን።

የመጀመሪያው እሁድ ኮምፒውተሩን አላስነካሁትም። ገመድ ሰጠሁት። መሃል ላይ ካለው ወንበር እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ከቀረበ ጆሮ ወደ እሱ ያደላል። ጋሼ ገመዱን ይዞ ተንበርክኮ ለካ። አንደኛው የኋላ ስፒከር አራት ጣት ያህል ቀርቦ አገኘው፤ እኔ ስድስት ወር ሙሉ እዚያ ስሠራ ልብ አላልኩትም። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ስፒከር ተራ በተራ እንደ ሻወር ውሃ ሹ የሚል ድምፅ አወጣሁለት፤ ሁሉም እኩል እስኪሆኑ ድረስ መለኪያውን እያየ አስተካከላቸው። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ያፏጭ ነበር።

ሁለተኛው እሁድ ተጣላን። ሶፍትዌሩ አዲስ ሥራ ሲከፈት ድምፁ በስንት ስፒከር እንደሚወጣ ይጠይቃል። ጋሼ በልማዱ ሁለት ብሎ ከፈተው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲለፋ ውሎ ከጀርባ ምንም አልሰማ ሲለው፣ «ስፒከርሽ ሞቷል» አለኝ። ኬብል ነቀለ፣ ሰካ፣ ከሳጥኑ ጀርባ ገብቶ አቧራ ለብሶ ወጣ። ስህተቱን ስክሪኑ ላይ በጣቴ ሳሳየው ጠጋ ብሎ አየውና፣

«ዕድሜ ልኬን ያለኝ ጆሮ ሁለት ነው፤ ምን ላድርግ» አለ።

ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርን።

ቴፖቹን ወደ ኮምፒውተር መገልበጡም የራሱ ጣጣ ነበረው። የድሮ የቴፕ ማጫወቻ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ተውሰን አመጣን፤ ውስጡ ያለው የጎማ ቀበቶ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ይጎተት ነበር። ጋሼ ራሱ ፈታው፣ ራሱ ገጠመው። የቴፖቹ ካርቶን ሁሉ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ቀኑ ተጽፏል፤ ከቀኑ ሥር ደግሞ «የጸዳ» የምትል ቃል አለች። አሥራ አንዱን ገለበጥን። አሥራ ሁለተኛው ጠፋ፤ ጋሼም «ይደርሳል» ብሎ አለፈው።

እናቴ ደግሞ ነገሩ ሸቷታል። «ጋሼ እሁድ እሁድ ሸሚዝ መተኮስ ጀምሯል አሉ፤ ሴት አገኘ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በዚህ ዕድሜው ማን ትሸከመዋለች» አልኳትና በሳቅ አለፍነው።

ሦስተኛው እሁድ ክቡን አሳየሁት። በድሮው አሠራር ድምፅ የሚሄደው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ነው። እዚህ ግን ስክሪኑ ላይ ክብ አለ፣ ክቡ ውስጥ ነጥብ አለች፤ ነጥቧን በማውስ የወሰዷት ቦታ ድምፁ ይከተላታል። ጋሼ አንዱን ቴፕ ከፈተና አባቱን ክፍሉን አዞረው። አያቴ እየተረተ ከፊት ተነስቶ በቀኝ በኩል አለፈ፣ ከጀርባችን ዞረ፣ በግራ ብቅ አለ። ጋሼ እንደ ልጅ ሳቀ።

«አያቴ ልብስ ሰፊ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«ነበር።»

«ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ የማይነሳ ሰው ምን ያንከራትተዋል? ይቀመጥ።»

ነጥቧን ወደ ፊት መሃል መለሳት። ሁሉም ጀማሪ እንዲህ ነው፤ አምስት ስፒከር ሲያገኝ አምስቱንም ማስጮህ ያምረዋል። የሚናገረው ሰው ቦታው ከፊት መሃል ነው። ከጀርባ የሚገባው ግን ሲኖር ልብ የማይባል፣ ሲጠፋ ብቻ የሚታወቅ ነገር ነው።

«ምንድነው እሱ?» አለኝ።

«የክፍሉ ድምፅ። ሰው ዝም ሲል ቤቱ የሚያሰማው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዝምታ አለው ጋሼ። እኛ ፊልም ላይ ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ለአንድ ደቂቃ ባለበት ይቆምና ባዶው ክፍል ይቀዳል። እስቲ ከአባትህ ቴፕ ላይ የቤቱን ዝምታ ፈልግልኝ።»

ፈለገ። አያቴ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር ያለችውን ቦታ መርጦ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ምንም የለም። ሌላ ቴፕ ከፈተ። ምንም። ሦስተኛ። እኔ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ ኬብል መነካካት ጀምሬ ነበር። ጋሼ ማውሱን ለቀቀ።

«ባዶ ቴፕ ነው» አለ። «በመሃል የነበረውን እየቆረጥኩ በምትኩ ባዶ ቴፕ እቀጥልበት ነበር። ጥርት እንዲል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ከዚያ ምን ምን እንደቆረጠ ነገረኝ፤ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው ነበር። የስፌት መኪናዋንማ ከመጀመሪያውም አያስገባትም። «አባዬ፣ መኪናዋን አቁማት፤ ቴፑ ውስጥ ትገባለች» ይለው ነበር። አያቴ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ ያወራል፤ እጁ ሥራ ሲፈታ ወሬውም ይደርቅበት ነበር። በር ሲከፈት፣ ቀጭ። ጎረቤት ሲጣራ፣ ቀጭ። እንቆቅልሽ ሲሆን ደግሞ አያቴ የሚጠይቀው እናቴን ነው። «እንቆቅልሽ» ይላታል፤ «ምን አውቅልህ» ትለዋለች። ጣቢያው ግን ለዚህ የሠለጠኑ ልጆች ስቱዲዮ ውስጥ ነበሩት። የእናቴ ድምፅ ከማይኩ ስለሚርቅ እንደ ጫጫታ ነበር የሚሰማው። ቀጭ።

«ቁርጥራጩስ?» አልኩት።

«መሬት ላይ ነዋ። እናትሽ ናት የምትጠርገው።»

የታሪኩን ሌላ ግማሽ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እናቴ ልጅ ሳለሁ ነግራኛለች። ከምትጠርገው ቡናማ ቁራጭ ረዘም ረዘም ያለውን እየመረጠች ጠጉሯን ታስርበት ነበር። አንድ እሁድ ደግሞ «ዛሬ በሬዲዮ እኔ አለሁ» ብላ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ሰብስባ ሬዲዮኑ ሥር አስቀመጠቻቸው። አያቴ ከሬዲዮኑ ውስጥ «እንቆቅልሽ» አለ። «ምን አውቅልህ» ብላ የመለሰችው ሌላ ልጅ ናት። ልጆቹ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር «ምን አውቅልህ» እያሉ አሾፉባት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር፤ ስለሳቀች ቀልድ ነው ብዬ ተውኩት።

ለጋሼ ያን ቀን ነገርኩት። ሰምቶት አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ዕድሜውን በጆሮው የኖረ ሰው እንኳ ስለራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉም ኋላ ነው።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለ።

«ዝም አይነቅዝም ስላልካት ይሆናላ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ቆጨኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ጋሼም ካፖርቱን ለብሶ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

በዚያው ይቀራል ብዬ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ከእኔ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «የጠፋውን እንሠራዋለን» አለ። ኮምፒውተሬ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የተዘጋጁ ድምፆች አሉ፤ በር፣ ዝናብ፣ የስፌት መኪና፣ የሰፈር ጫጫታ። የሰው ቤት ድምፅ ተበድሮ የራስን ቤት መሥራት እንደማያዋጣ እኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ፊልም ላይ በየቀኑ የማደርገው ይህንኑ ስለሆነ እሺ አልኩ።

ሁለት ወር ፈጀብን። ዝናቡን በአምስቱም ስፒከሮች በትንሽ በትንሹ አከፋፈለው። በሩን ከኋላ በግራ፣ ጓዳውን ከኋላ በቀኝ፣ የስፌት መኪናዋን ከፊት፣ ከአያቴ ድምፅ ዝቅ አድርጎ አስቀመጣቸው። ወፍራሙን ሳጥን መጀመሪያ ላይ እንደ ነጎድጓድ ያስጮኸው ነበር፤ በኋላ ሩቅ የሚያልፍ ከባድ መኪና ብቻ ሰጠው። እጁ ተፍታታ። እውነቱን ለመናገር በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እኔ ነኝ ከእሱ ስማር የነበርኩት።

አሥራ ሁለተኛው ቴፕ የተገኘው ያኔ ነው፤ ካፖርት ኪስ ውስጥ። ካርቶኑ ላይ ቀን አለ፣ «የጸዳ» የሚል ግን የለበትም። የተቀዳው አያቴ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ነው። በሽታው ጠና፣ ሐዘኑ መጣ፣ ቴፑን የሚያርመው ጠፋ። ምላጭ አልነካውም።

ማጫወቻው ላይ ስናዞረው ገና ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ሁለታችንም ቀና አልን። ቤቱ ነበር። ትንሽ ጉም ጉም የሚል ነገር፣ ሩቅ ያለ ውሻ፣ ቆርቆሮው ማታ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማት ቋታ። አያቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንቆቅልሽ» አለ። ከማይኩ ራቅ ብሎ የሆነ ሰው አየር ሳበ፤ ሰው ሊናገር ሲል የሚስባት አጭር ትንፋሽ። ወዲያው፣ እሷው ላይ ተደርቦ፣ ማይኩ አጠገብ ያለ የወጣት ድምፅ፣

«ዝም በይ አንቺ፣ ቴፑን ታበላሺያለሽ» አለ።

ቴፑ ላይ ለአራት ሰከንድ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አያቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ ከቤት አይወጣም» ብሎ ጠየቀ። መልሱ የስፌት መኪናው ነው። መላሽ ግን የለም፤ ትንሽ ቆይቶ ቴፑ አለቀ።

ከአሥራ ሁለት ጥቅል ቴፕ የእናቴ ሆኖ የተረፈው ያቺ ትንፋሽ ብቻ ናት።

ጋሼ «የእኔን ቁረጪው» አለኝ።

«አንተው ቁረጠው» ብዬ ማውሱን ገፋሁለት። ክፋት ነበረብኝ፤ አልክድም።

ያዘው። ቃሉ የሚጀምርበትን አገኘ፣ የሚያልቅበትን አገኘ፣ መረጠው። የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያደረገው ነገር። አልተጫነም። ሁለቱ ድምፆች ተደራርበዋልና የእሱን ቢቆርጥ የእሷም አብሮ ይሄዳል። ጣቱ ቁልፉ ላይ ሆኖ ቆየና መልሶ አነሳው።

«ዝቅ አደርገዋለሁ» አለ። ከኋላ ስፒከሮች ላይ ከውሻው ድምፅም በታች አወረደው፤ ትንፋሿም አብራ ዝቅ አለች፣ ግን አልጠፋችም። «አትሰማውም።»

እናቴን በሚቀጥለው እሁድ ክንዷን ይዤ አስገባኋት። ጋሼ ማታ ነው መሰለኝ ሸሚዙን ተኩሶ አዘጋጅቷል፤ ለማን እንደሆነ እሱ ያውቃል። መሃል ወንበር ላይ አስቀመጥናት። እሷ እንደተቀመጠች ተንበርክኮ ከጆሮዋ እስከ ስፒከሮቹ ያለውን በገመድ እንደገና ለካው።

«ለካ ሴትዮዋ እኔ ነኝ» አለች። «መብራቱንም ለእኔ ብላችሁ አታጥፉ፤ ጠፍቷል።»

ዝናቡ ጀመረ። ራሷን ቀና አደረገች። ከኋላዋ በር እየጮኸ ተከፈተ።

«ይሄ የማን በር ነው?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ።

«የእኛ በር ሲከፈት አይጮህም ነበር፤ ሲዘጋ ነው እንጂ» አለች።

የስፌት መኪናዋ መጣች። እናቴ ትንሽ አዳመጠችና ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ልጅ ሳለሁ የተበላሸ የቤት ሥራ ሳሳያት የምትሰጠኝ ናት።

«ጥሩ መኪና ናት። የጤነኛ ሰው መኪና ናት ግን።»

«እንዴት?» አለ ጋሼ።

«አባዬ በእግሩ ነበር የሚያስኬዳት። ቀኝ ጉልበቱ ስለሚያመው መኪናዋም አብራው ታነክስ ነበር። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ዛሬ ብሶበታል፣ ዛሬ ሻል ብሎታል እል ነበር በእሷ። አንተ አላስተዋልክም?»

አላስተዋለም። ጠዋት ወደ ሥራ ይሮጣል፤ ማታ መቅጃውን ይዞ ሲገባ መኪናዋ ትቆማለች።

«አጥፊው፣ ይቅር» አለኝ። ቅስሙ ተሰብሯል።

«ኧረ ተዉት፣ አባዬ አልጨረሰም» አለች።

ተውነው። የተበደርነው ዝናብ ቆመና የአሥራ ሁለተኛው ቴፕ ጉምጉምታ ከጀርባዋ መጣ። እናቴ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ያዘች። ፈገግታዋ ጠፋ። እግሮቿን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበች፤ እንደዚያ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። አያቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንቆቅልሽ» አለ።

እናቴ አየር ሳበች። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አፏ ተከፈተ፤ ቃሉ ከንፈሯ ላይ መድረሱን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ቴፑን ታበላሺያለሽ» አለ ከጀርባዋ፣ ከውሻው በታች።

አፏን ገጠመች።

አራቱ ሰከንድ አለፈ። አያቴ እንቆቅልሹን ጠየቀ፣ ቴፑም አለቀ። ከዚያ እናቴ ያለ ምንም ቁጣ፣

«አዎ፣ አሁን ቤታችን ነው» አለች።

ጋሼ መጥቶ ርቀት ሲለካ በተንበረከከበት ቦታ ተንበረከከ። «ይቅር በይኝ» አላት። «ሬዲዮኑ ሥር ተቀምጠሽ የጠበቅሽውን ልጅሽ ነገረችኝ። አላውቅም ነበር።»

እጇን ዘርግታ ጭንቅላቱን ፈልጋ አገኘችው። «ልጅ ነበርክ እኮ ጋሼ» አለችው፤ በአሥራ አራት ዓመት የምታንሰው እሷ።

«አሁን መልሺለት» አለ። «ማይክ አቆምልሻለሁ። አራት ሰከንድ ክፍት ነው፤ እዚያ ላይ አስገባሻለሁ። ከኋላ በግራ፣ ትቀመጪበት የነበረው ቦታ።»

ደስ አላት። ማይኩን ፊቷ አቆምንላት። ጋሼ የራሱን ቃል ለጊዜው ዘጋና የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ፤ ጠቅ አለች። አያቴ «እንቆቅልሽ» አለ። እናቴ ዝም አለች።

ደገመው። ጠቅ። «እንቆቅልሽ»። ዝም።

«ምነው?» አላት።

«እኔ እንጃ» አለች፤ ራሷም ገርሟታል። «ጠቅ ስትል አፌ ይያዛል።»

የድሮው ቴፕ መቅጃም ሲጀምር ጠቅ ይል ነበር። ጋሼ አጥብቆ ነው ያስተማራት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞክረናል። በስልክ፣ በትንሿ መቅጃ፣ እቤት፣ ስቱዲዮ። ማይኩ ከተነሳ ከሁላችንም በላይ ታወራለች፤ ስለ በሩ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ መኪናዋ ማነከስ፣ ማንም ስለማያውቀው ነገር ሁሉ። መቀዳቷን ስታውቅ ዝም። ሳታውቅ እንቅዳት ብዬ ለጋሼ ነግሬው ነበር። «ሳላስፈቅዳት የቆረጥኳት ይበቃል» አለኝ፤ እኔም ከዚያ በኋላ አላነሳሁበትም።

ሥራው አሁንም ኮምፒውተሬ ላይ እንደተከፈተ ነው። የተበደርነውን በር፣ ዝናብና መኪና ጋሼ አንድ በአንድ አውጥቶ ጥሏቸዋል። አያቴ ከፊት መሃል ተቀምጧል፣ ጉምጉምታው ከጀርባ አለ፣ ከኋላ በግራ ያለችው አራት ሰከንድ ክፍት ናት። እሁድ ከሰዓት ጋሼ ይመጣል፤ ወንበሩን በገመድ ይለካል፣ እናቴን ያስቀምጣል፣ አስፈቅዷት ቁልፉን ይጫናል፤ ከዚያ ወንድምና እህት ማይኩ ፊት ዝም ብለው ይቀመጣሉ።